የሚያቃስተው መሪና የፍየሉ ጠፍር

ሾፌሩ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ሁለት እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ መሪውን በሁለት ክንዱ ሲጎትት ባየሁት ጊዜ ነው ልንሞት እንደምንችል የገባኝ። ከዲመካ ወጥተን ገና አንዱን ደረቅ ወንዝ እየተሻገርን ነበር። መንገዱ አሸዋው ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። መኪናው ግን አልታጠፈም። ከኮፈኑ ሥር የታመመች ላም የመሰለ ረጅም ማቃሰት ተሰማ፣ መሪው እንቢ አለ፣ ከዚያ ደግሞ በድንገት እሺ አለና ሾፌሩን በደረቱ ጣለው። ስንቆም በመኪናው አፍንጫና በአንድ ግራር ግንድ መካከል ያለው አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

ልጄ ጭኔ ላይ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በነጠላዬ ጠቅልያታለሁ፤ ትኩሳቷ ግን ነጠላውን አልፎ ጭኔን ያቃጥለኛል። ያን ሁሉ ስንናጥ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም።

«ምንም አይደለም እትዬ» አለኝ ሾፌሩ፣ ግንባሩን በእጅጌው እየጠረገ። «የሞተሩ ቺንጋ ላልቶ ነው የሚጮኸው።»

ሾፌሩ ዋርሳዬ ነው፣ የባሌ ታናሽ ወንድም። መኪናው የኅብረት ሥራው ነበር። ፊት ይነዳው የነበረው ባሌ ነው። ጦርነት ሲሆን ሾፌር ያስፈልጋል ብለው ወሰዱት። ከዚያ የቀበሌው ሰው አንድ የመርዶ ወረቀት ይዞ መጣና ደጄ ላይ ቆሞ አነበበልኝ። ያኔ ፊደል አላውቅም። ኋላ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ሀ ሁ ስቆጥር፣ ከደብተሬ ቀጥሎ በራሴ ዓይን ያነበብኩት ነገር ያ ወረቀት ነው። ማንበብ ምን ጠቀመሽ ለሚለኝ ይኸው መልሴ።

መሪውን ለወንድሙ ሰጡት። ለእኔ ከጆንያ ጋር ጭነቱ ላይ ቦታ ሰጡኝ፤ እሱም በልመና። ከጂንካ የቡና ገለፈት፣ ጨውና ሳሙና ጭኜ ዲመካ ገበያ እወርዳለሁ። ሐመሮቹ ገለፈቱን አፍልተው ነው የሚጠጡት። ከዚያ ቅቤና ማር ይዤ እመለሳለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት እንዲህ ነው። ያን እሑድ ጋቢና የገባሁት ልጄ ስለታመመች ብቻ ነው።

ትኩሳቱ ቅዳሜ ገበያ መሀል ነው የጣላት። ቆላ ወባ እንዳለ እያወቅሁ ይዣት ወርጃለሁ፤ የሚጠብቅልኝ ሰው አጥቼ። ጤና ረዳቱ ክኒን ሰጣት፣ አስመለሰችው። ደግሞ ሰጣት፣ ደግሞ አስመለሰችው። «እናቴ፣ ይቺ ልጅ መርፌ ነው የሚያስፈልጋት። ነገ ጂንካ አድርሻት። ከነገ አታሳልፊ» አለኝ። ከእሑዱ መኪና ሌላ እስከ ማክሰኞ መኪና የለም። ስለዚህ መሪው እያቃሰተ እንደሆነ እያወቅሁ ተሳፈርኩ። ከዚያ መኪና ወርጄ ልቀር አልችልም ነበር። ዋርሳዬም ይህን ያውቃል።

አዎ፣ አውቅ ነበር። ማቃሰቱ ከጂንካ ጀምሮ ነው።

ሐሙስ ዕለት ጂንካ ላይ የመሪው ፖምፓ ተበላሽቶ ተፈታ። ጆንያዎቼን ደርድሬ ጭነት ስጠብቅ ስለነበር ሁሉን አይቻለሁ። የዚህ መኪና መሪ በዘይት የሚታገዝ ነው። ፖምፓው ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ የሾፌሩን ክንድ ያግዛል። ባሌ በአንድ ጣቱ ሲያዞረው እስቅ ነበር። መካኒኩ አሮጌውን ፖምፓ አውጥቶ ከሌላ ከሞተ መኪና የተፈታ አስገባ። ዘይቱ ወደ ፖምፓው የሚወርድበትን የጎማ ቱቦ አፍ የሚያጠብቀው የብረት ቀለበት፣ ፋሼታ የሚሉት፣ ተሰብሮ ኖሯል። መካኒኩ እጁን እያወናጨፈ ለዋርሳዬ የሆነ ነገር ነገረው። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ከዚያ ከአሮጌ ካላማዳሪ፣ ጎማ ውስጥ ከሚነፋው ላስቲክ፣ ቀጭን ጎማ ቀደደና የቱቦውን አፍ ጠምጥሞ አሰረው።

ዓርብ ስንወጣ ገና የአውሮፕላን ሜዳው ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ ጮኸ። ዋርሳዬ ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ «እትዬ፣ ከሳሙናሽ አንድ ወርውሪልኝ» አለ። የልብስ ሳሙናዬን ቺንጋው ላይ አሸው። ሾፌሮች እንዲህ ያደርጋሉ፣ ቺንጋ ሲያፏጭ ሳሙና ያሹታል። ይኼ ግን ማፏጨት አልነበረም። ቺንጋ ያፏጫል፤ ይኼ ያቃስታል። የሁለቱን ልዩነት ለማወቅ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። ነገርኩት። «እሺ እትዬ» አለኝና ሳሙናዬን ኪሱ ከተተ። ዲመካ እስክንደርስ ሦስቴ ወርዶ አሸው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ዝም አልኩ። ጤነኛ ልጅ ከጎኔ ስለነበረች ዝም ማለት ቀላል ነበር።

አሁን ወደዚያ ግራር ልመለስ።

ኮፈኑን ሲከፍት ልጄን አቅፌ ወረድኩ። የመሪው ዘይት የሚቀመጥባት ትንሽ ጣሳ መሰል ነገር አለች። ክዳኗን ሲያነሳው ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ነጥቶ፣ አረፋ ሆኖ፣ በጎንና በጎን ይፈስሳል።

«አገኘሁት!» አለ። «በዝቶበት ነው! ያ መካኒክ አብዝቶበታል።» ባዶ የወተት ቆርቆሮ አነሳና ከውስጥ ይቀዳ ጀመር።

እኔ ያን አረፋ አውቀዋለሁ። እናቴ ቤት ወተት የምንንጠው በቅል ነበር። የቅሉ አፍ በደንብ ካልተወተፈ፣ ወይም ጎኑ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች፣ ነፋስ እየገባ ወተቱ ያብጣል። አይቶ የማያውቅ ሰው ሞላ ይላል። ድምፁም ይለወጣል፤ ደህና ቅል ይንቦጫረቃል፣ የተሰነጠቀ ቅል ያቃስታል። እናቴ ድምፁን ከጓሮ ሆና ሰምታ «ቅልሽ ነፋስ እየጠጣ ነው፣ ተነሺ ስንጥቁን ፈልጊ» ትለኝ ነበር።

«ወንድሜ» አልኩት «ይኼ በዝቶ አይደለም፣ አረፋ ነው። እንዲያውም ዘይቱ ሳይጎድል አይቀርም። የሆነ ቦታ ነፋስ እየሳበ ነው። ቅል ስንንጥ እንዲህ ነው የሚሆነው። እባክህ አትቅዳው።»

ቀና ብሎ ጭነቱ ላይ ለተቀመጡት ሰዎች ጮኸ። «ስሙማ! እትዬ የጭነት መኪና ልትንጥልን ነው! ቅቤው ሲወጣ ተካፈሉ!»

ሳቁ። ያኔ የሳቁትን ሰዎች ፊት ዛሬም አልረሳሁም።

«እናንተ ጴንጤዎች» አለኝ ደግሞ፣ ዝቅ ብሎ «ቀጥሎ እንጸልይበት ትይኛለሽ።»

«መጸለዩንስ ከዓርብ ጀምሮ እየጸለይኩ ነው» አልኩት። «አንተ ብቻ ዘይቱን አትቅዳ።»

ቀዳው። ቆርቆሮውን እስከ አፉ በአረፋ ሞላና «ያዢልኝ፣ እንዳይደፋ» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ተሳፈርን። ልጄን በግራ ክንዴ፣ ቆርቆሮውን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ ሄድን። የሚገድለንን ነገር አስይዞኛል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ነገር ስጽፍ የምማረር ይመስላችኋል። እውነታችሁ ነው፣ እማረራለሁ።

ወደ ቀይ አፈር ከተማ የሚወጣው መንገድ ሲጀምር ማቃሰቱ እንደ ጩኸት ሆነ። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ብድግ ይላል፣ ይጎትታል፣ መሪው እንቢ ይላል፣ ከዚያ ባልታሰበ ሰዓት ይለቅቃል። አንዴ የኋላ ጎማ ከመንገዱ ዳር ወጥቶ ድንጋይ ወደ ታች ሲንከባለል ሰማን። ከላይ አንዲት ሴት ጮኸች። አሁን የሚስቅ የለም። ልጄ ዓይኗን ገልጣ ሾፌሩን አየችና «አባባ» አለችው። አጎቷን አባቷ መስሏት ነው። እሱ ፊቱን አዞረ። እኔም አዞርኩ።

ቆርቆሮው ላይ ዓይኔ ያረፈው ያን ጊዜ ነው። ሞልቶ ነበር የተሰጠኝ። አንዲት ጠብታ አልደፋሁም። አሁን ግን ከግማሽ በታች ነው። አረፋው ረግቶ፣ ነፋሱ ወጥቶ፣ ከሥር ቀዩ ዘይት ጥርት ብሎ ተኝቷል።

አቀበቱን ጨርሰን ቀይ አፈር ልንገባ ስንል ቆመ። «አንዴ ልውረድ» አለ። ባትሪው ደካማ ስለሆነ ሞተሩን አላጠፋም፤ ካጠፋሁት አይነሳም ብሎ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ እንዲተነፍስ ተወውና ወደ ቁጥቋጦው ሄደ። ከቀይ አፈር ወዲያ ያለውን ቁልቁለት አሰብኩ። አቀበት ላይ መሪ እንቢ ቢል መኪናው ይቆማል። ቁልቁለት ላይ እንቢ ካለ የሚቆመው ታች ነው።

ልጄን መቀመጫው ላይ አስተኛኋት። ነጠላዬን ከላይዋ አንስቼ ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ፤ የሚሽከረከር ነገር እንዳይዘኝ። ከዲመካ የገዛሁትን ቅቤ አወጣሁ።

እናቴ የቅል ስንጥቅ የምትፈልገው በቅቤ ነው። ዙሪያውን ትቀባለች፤ ነፋስ የሚስበው ቦታ ቅቤውን ይውጠዋል፣ ድምፁም ለአፍታ ይደፈናል። ሞተሩ እየጮኸ ከዘይቱ ጣሳ ጀመርኩ። ጣሳውና ቱቦው የሚገናኙበትን ቀባሁ። ማቃሰቱ እንዳለ ነው። ቱቦውን ራሱን ቀባሁ። እንዳለ ነው። ከዚያ እጄን ወደ ታች ሰድጄ ፖምፓው ጋ የካላማዳሪው ጎማ የተጠመጠመበትን ቀባሁ።

ማቃሰቱ ቆመ።

ሞተሩ ብቻ ቀረ። የኔ ጆሮ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያሉት ሁሉ ሰሙት። አንዱ «ምን ሆነ?» አለ። ቅቤው ወደ ጎማው ሥር ተሳበ፣ ተዋጠ፣ ማቃሰቱ ተመለሰ። ደግሜ ቀባሁ፣ ደግሞ ቆመ።

«ማን ነው መኪናዬን የነካው?» ዋርሳዬ ሱሪውን እየታጠቀ እየሮጠ መጣ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ተመልከት።» አንድ ጣት ቅቤ አደረግሁበት። ማቃሰቱ ዝም አለ። ቅቤው ተዋጠ። ጮኸ። ከዚያ ቆርቆሮውን አመጣሁና ዓይኑ ሥር አቀረብኩለት። «ሙሉ ሰጠኸኝ። የቀረው ይኼ ነው። የቀዳኸው የበዛ ዘይት አይደለም፤ ከጎደለው ላይ ነው ያጎደልክበት።»

ቆርቆሮውን አየ። ጎማውን አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ያለውን እስክሞት አልረሳውም።

«ለከተማ ውስጥ ብቻ ነው ብሎኝ ነበር» አለ። «ፋሼታ እስካገኝልህ ከጂንካ እንዳትወጣበት ብሎኝ ነበር።»

ሐሙስ ዕለት መካኒኩ እጁን እያወናጨፈ የነገረው ይህን ነው። ያውቅ ነበር። ሳሙናዬን ሲያሽም፣ ሰው ሲያስቅብኝም፣ የወንድሙን ልጅ ሲጭንም ያውቅ ነበር። ልመታው ፈልጌ ነበር። እጄ ግን በቅቤ የተጨማለቀ ነው፣ ልጄም ጋቢና ውስጥ ናት፣ መንዳት የሚችለውም እሱ ብቻ ነው። ሴት ልጅ ቁጣዋን የምትውጠው ፈርታ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ሥራ ስላለባት ነው።

«ጠንካራ ማሰሪያ ፈልግ» አልኩት።

ሽቦ የለም። ከላይ አንድ ሽማግሌ ሐመር ወረዱ። ፍየል ይዘው ወደ ጂንካ የሚሄዱ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት ነው። «መኪና አመመ?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ፣ አመመው። ጠፍር እፈልጋለሁ።»

ፍየላቸውን አዩ፣ መኪናውን አዩ። ከዚያ የፍየሉን ማሰሪያ ጠፍር ፈቱና ለዋርሳዬ ፍየሉን አስያዙት። «ያዝ። ቢሄድ ፍየል አንተ ነህ» አሉት። የዚያን ቀን ሰው እንደገና የሳቀው ያኔ ነው፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ጠፍሩ ደረቅ ነው። ሽማግሌው ሳልነግራቸው አፋቸው ውስጥ ከተው ያኝኩት ጀመር። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንዴት እንደሚጨመድድ ከብት ያሰረ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሞተሩን አጥፋው አልኩት ዋርሳዬን።

«ከጠፋ አይነሳም እትዬ።»

«ቁልቁለቱ ቅርብ ነው፣ ገፍተን እናስነሳዋለን። አጥፋው።»

አጠፋው። እኔ የማሩን ሰፈፍ አኘክሁ፣ እሳቸው ጠፍሩን አኘኩ። የጎማውን እስር ፈታን፣ ቅቤውን በጨርቅ ጠራረግን። የቱቦውን አፍ ዙሪያ በሰፈፍ ደፈንኩት፣ እናቴ ቅል እንደምትደፍነው።

«ይቀልጣል እኮ» አለ ዋርሳዬ። ሞተሩ ይሞቃል ማለቱ ነው። ይህን አውቆ መናገሩ አስገረመኝ።

«ሰፈፉ ሲቀልጥ ጠፍሩ ደርቆ ይጠብቃል። ሙቀቱ ለሁለቱም እኩል ነው» አልኩት።

በሰፈፉ ላይ ጎማውን፣ በጎማው ላይ እርጥቡን ጠፍር ጠመጠምን። ሽማግሌው በጥርሳቸው ስበው ቋጠሩት። ከቆርቆሮው ጥርት ያለውን ዘይት በነጠላዬ ጥለት አጥልዬ መለስኩበት። ቅል ከተደፈነ በኋላ ውስጡ የቀረውን ነፋስ ካላስወጡት መልሶ ያብጣል፤ አፉን ከፍቶ ቀስ እያሉ ወዲያና ወዲህ ማዘንበል ነው። ሕዝቡ ወርዶ ገፋ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ዋርሳዬ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። እኔ የጣሳውን ክዳን ከፍቼ አዘዝኩት።

«ቀስ ብለህ ወደ ግራ። ቁም። አሁን ወደ ቀኝ። ቀስ አልኩህ! ቁም።»

አረፋው እየተነፈሰ ወጣ። ደግመን፣ ደግመን። በመጨረሻ ዘይቱ ቀይ ሆነ፣ ዝም አለ።

በዕድሜዬ የባሌ ቤተሰብ ወንድ ቃሌን ሰምቶ ሲታዘዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወዲያው ደግሞ ተረሳ። በሳምንቱ ጂንካ ላይ የሚወራው እንዲህ ነበር፤ ዋርሳዬ ቀይ አፈር ላይ ብቻውን ጥፋቱን አገኘ፣ በጠፍር አሰረ፣ ሰው አዳነ። አማቴ ራሳቸው «እንደ ወንድሙ ጎበዝ ነው» ብለው በልጃቸው ኩራት ሲናገሩ፣ እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጬ በቆሎ እፈለፍል ነበር። ቀና ብዬ ዋርሳዬን አየሁት። ዝም አለ። የቅሉ ነገር ሲነሳ አልሰማሁም፤ የመካኒኩ ማስጠንቀቂያማ ጭራሽ። ይህን የምጽፈው አንድም ለዚያ ነው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጆሮዬን ከኮፈኑ ላይ አልነቀልኩም። መታጠፊያ በደረሰ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ማቃሰት የለም። ዋርሳዬ እንደተቀመጠ ነው፣ ብድግ አላለም። መሪው በአንድ እጁ ይዞራል። ከላይ የፍየሉ ድምፅ ይሰማኛል፤ ሽማግሌው ቀንዱን ይዘው ነው የሚሄዱት፣ ማሰሪያው ከእኛ ጋር ስለሆነ። ልጄ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃ አርሼ አበስኩላት። «ደረስን?» አለችኝ። «አልደረስንም» አልኳት። ልዋሻት አልፈለግሁም። ሲዋሹኝ ውዬ ነበር።

የጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ሣር ሲታየኝ አሁንም አላመንኩም፤ ዓርብ እዚያው ላይ ሲጮህ ሰምቼዋለሁና። ማዕዘኑ ላይ ታጠፈ። ዝም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲቆም ሰላም አላልኩትም፣ አላመሰገንኩትም። ልጄን አዝዬ ገባሁ። ነርሷ ግንባሯን ነክታ ሌላ ነገር ሳትጠይቀኝ መርፌውን አዘጋጀች። ከሰዓት በኋላ ልጄ ላብ አጠመቃት። ዓይኗን ገልጣ እኔን አየች። ይህን ጊዜ አልተሳሳተችም፤ «እማዬ፣ እጅሽ ቅቤ ቅቤ ይሸታል» አለችኝ፣ ውሃም ጠየቀች። ጠጣች፣ አላስመለሳትም።

ጂንካ ገብተናል። ልጄ አልሞተችም፣ እኔም አልሞትኩም። ድነናል።